አዮንና ኤሌክትሮን የሚገናኙበት ክፍል
የቲኤስአር ማከማቻ ቀለበት የኤሌክትሮን ማቀዝቀዣ
ማክስ ፕላንክ የኑክሌር ፊዚክስ ተቋም፣ ሃይደልበርግ፣ ጀርመን። ከ1988 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የሠራ።

የቀለበቱ ዙሪያ 55.4 ሜትር ነበር። አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ቱቦ ውስጥ አዮኖች፣ ማለትም ኤሌክትሮን የተነጠቁ አቶሞች፣ በሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዙር ይዞሩ ነበር። እዚህ ክፍል ሲደርሱ የኤሌክትሮን ጨረር ይቀላቀላቸውና አንድ ሜትር ተኩል ያህል ጎን ለጎን ይጓዝ ነበር። ፍጥነታቸው እኩል ሲሆን የአዮኖቹ ግርግር ይረጋጋ ነበር። ከዚያ የኤሌክትሮኖቹ ቮልቴጅ በጥቂት በጥቂቱ ይቀየር ነበር፤ የግጭቱን ኃይል የሚወስነው በዚህ የሚፈጠረው ትንሽ የፍጥነት ልዩነት ነበር።

ኤሌክትሮን የያዘ አዮን ቻርጁ በአንድ ይቀንሳል። ስለዚህ ቀጥሎ የነበረው ማግኔት እንደ ሌሎቹ አያጎብጠውም ነበር፤ ከመንገዱ ወጥቶ መቁጠሪያው ላይ ያርፍ ነበር። በአንዳንድ የኃይል መጠኖች ላይ ቆጠራው በድንገት ያሻቅብ ነበር። ገቢው ኤሌክትሮን አዮኑ ውስጥ በነበረ ኤሌክትሮን ላይ ኃይሉን አራግፎ፣ ነባሩን ወደ ላይኛው እርከን አንስቶ፣ ራሱም ተይዞ ይቀራልና።

እጅግ የሚያስደንቀው ብረት ላይ የታየው ነው። ለበርካታ የብረት አዮኖች፣ በዝቅተኛ ሙቀት የተለካው ከኤሌክትሮን ጋር የመዋሃድ ፍጥነት ከቀደሙት ስሌቶች በብዙ በለጠ። በጥቁር ጉድጓዶች ዙሪያ ካለው ጋዝ የሚመጣውን ኤክስሬይ የሚያነቡ የጠፈር ሳይንቲስቶች ስሌታቸውን በእነዚህ ልኬቶች አርመዋል።