የሳምቡሳ እጥፋት

የታሪክ መጻሕፍት ስለ ነገሥታት ማዕድ ብዙ ይነግሩናል፤ ማዕዱን ስላሰናዱት እጆች ግን ዝም ይላሉ። ይህ ዝምታ ዘወትር ይከነክነኛል። በፓኪስታን ቤቶች «ሳሞሳ» ስለሚባለው፣ እኛም «ሳምቡሳ» ብለን ስለምናውቀው ጥብስ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ስሙ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን ሰይያር አል ወራቅ በባግዳድ ያዘጋጀው የምግብ መጽሐፍ «ሰንቡሰጅ» እያለ ይጠቅሰዋል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሞሮኮአዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታ፣ ዛሬ በፓኪስታን በምትገኘው በሙልታን አልፎ ወደ ዴልሂ ዘለቀ። በሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ዘመን ስላየው ግብዣ ሲተርክም፣ ከአልሞንድ፣ ከፒስታቺዮ፣ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር የበሰለ ሥጋ በስስ ቂጣ ተጠቅልሎ በቅቤ ሲጠበስ ይገልጽልናል።

ነገር ግን ልብ እንበል፤ በዚያ ማዕድ ድንች አልነበረም፤ ቃሪያም አልነበረም። ሁለቱም ከአሜሪካ ምድር ተነሥተው እስያ የደረሱት እ.ኤ.አ. ከ1500 ወዲህ ነው። ዛሬ በፑንጃብ ሳሞሳ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ግን በቃሪያ፣ በከሙን፣ በድምብላልና በደረቀ የሮማን ፍሬ የጣፈጠው የድንች ሙሌት ነው። በሊጡ የሚነሰነሰው ነጭ አዝሙድ ለእኛም አፍንጫ እንግዳ አይደለም። ሲጠበስም ችኮላ አይወድም፤ በለዘበ እሳት ቀስ እያለ ካልበሰለ ቅርፊቱ አይንኮሻኮሽም።

ፒስታቺዮው ከቤተ መንግሥቱ ጋር ቀረ፤ እጥፋቱ ግን ወደ ተራው ሰው ቤት ወረደ። ምግቡን ለዘመናት ያቆየው የሱልጣን ሀብት ሳይሆን፣ ጓዳዋ ባፈራው ሞልታ የምታጥፍ ሴት ብልሃት ነው ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ድንበር ተሻገሩ። ከዴልሂና ከሌሎች የሕንድ ከተሞች የተነሡ ብዙዎች ካራቺ ገቡ። ቤታቸውንም፣ የአባቶቻቸውንም መቃብር ከኋላቸው ትተው ነበር። ጓዝ በመንገድ ይዘረፋል፤ የእጅ ሙያን ግን ማንም አይዘርፍም። በአዲሱ ከተማ ምጣድ ሲጣድ፣ የቀረው ሀገር ሽታ አብሮ ይነሣ እንደነበር መገመት አያዳግተኝም።

ዛሬም በረመዳን ምሽት ከቴምሩ ቀጥሎ ሳሞሳው ከሁመር ወይም ከናና ማባያ ጋር ይቀርባል። እናት ታጥፋለች፤ ልጅ ጠርዙን በውሃ በተበጠበጠ ዱቄት ታጣብቃለች። ከኢፍጣር በፊትም አንድ ሳህን ለጎረቤት ይላካል። የዚህ ጥብስ ጣዕም ግማሹ በዚህ መላላክ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

በእኛም ዘንድ ያው ሦስት ማዕዘን፣ ምስር ሞልቶ፣ ሙስሊሙ ሲያፈጥር ይበላል፤ ክርስቲያኑም ሲጾም ይበላል። ሳምቡሳ በእጄ በያዝሁ ቁጥር፣ ተጓዡ ግብዣውን ሲመዘግብ ያለፈው ያ የጓዳ ሰው ትዝ ይለኛል። ያጠፈው ሰው ስም አልተጻፈም፤ እጥፋቱ ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም።