የታመመው ሠራተኛው ነበር ወይስ የሥራ ገበያው? ከኔዘርላንድስ የጤና ጉድለት አበል ታሪክ የምንማረው

እ.ኤ.አ. በ1990 የኔዘርላንድስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሩድ ሉበርስ «ኔዘርላንድስ ታማለች» ብለው በአደባባይ ሲናገሩ አገሪቱን የመታ ወረርሽኝ አልነበረም። ይሁን እንጂ 15 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ በነበራት በዚህች ባለጸጋ አገር፣ ለሥራ ብቁ አይደሉም ተብለው አበል የሚቀበሉት ሰዎች ቁጥር ወደ 900,000 ተጠግቶ ነበር። ጤናማ ሕዝብ ያላት አገር ይህን ያህል ሕመምተኛ በመዝገቧ ላይ እንዴት ልታሰፍር ቻለች? መልሱ የሚገኘው ከሐኪሞች መመርመሪያ ክፍል ይልቅ፣ የሥራ አጥነት አበልና የጤና ጉድለት አበል በሚዋሰኑበት ድንበር ላይ ነው።

በ1967 ሥራ ላይ የዋለው የጤና ጉድለት መድን ሕግ በዘመኑ እጅግ ለጋስ ነበር። ጉዳቱ በሥራ ላይ ይድረስ ወይም በቤት፣ ሕጉ ልዩነት አያደርግም። ሙሉ በሙሉ መሥራት ያልቻለ ሰው የደመወዙን 80 በመቶ እስከ 65 ዓመቱ ያገኛል፤ የመሥራት አቅሙ በ15 በመቶ የቀነሰውም ከፊል አበል ይገባዋል። የሕጉ አርቃቂዎች የተጠቃሚው ቁጥር ከ200,000 እንደማይበልጥ ገምተው ነበር።

ከዚህ ሕግ ጎን የቆመው የሥራ አጥነት አበል ግን ጊዜው አጭር ነበር። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 80 በመቶ፣ ከዚያም ቢበዛ ለሁለት ዓመት 75 በመቶ ይከፈላል። ይህ ሲያልቅ የሚቀረው የትዳር ጓደኛን ገቢ ሳይቀር እየመረመረ የሚሰጠው የመጨረሻ ድጎማ ነው። እንግዲህ የሃምሳ ዓመት ሠራተኛ ሥራውን ሲያጣ ሁለት በሮች ይጠብቁታል፤ አንዱ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ የሚዘጋ፣ ሌላው እስከ ጡረታ ክፍት የሆነ።

የሊምቡርግ የድንጋይ ከሰል ማዕድናት እስከ 1974 ድረስ ተራ በተራ ሲዘጉና የትዌንተ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሲዳከሙ፣ ብዙዎች ወደ ሁለተኛው በር አመሩ። ሁሉም ወገን በዚህ ይጠቀም ነበር። ሠራተኛን ለማሰናበት የመንግሥት ፈቃድ የሚያስፈልገው አሠሪ ያለ ሙግት ይገላገላል፤ መዋጮው በሁሉም ላይ ስለሚከፋፈል የላከው ሰው ብዛት ለብቻው አያስከፍለውም። የሠራተኛ ማኅበሩ ለአባሉ የተሻለ ገቢ ያስገኛል። መንግሥትም የሥራ አጦች ቁጥር ዝቅ ብሎ ያያል። አበሉን የሚያስተዳድሩት ተቋማት የሚመሩት ደግሞ በእነዚሁ በአሠሪዎችና በሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮች ነበር። ጀርባው የታመመ ማዕድን ቆፋሪ ቀላል ሥራ መሥራት ቢችልም፣ በአካባቢው እንዲህ ያለ ሥራ የማያገኝ ከሆነ ሙሉ በሙሉ እንደማይችል ይቆጠርለታል። በዚህ አሠራር ሥራ አጥነት ራሱ የጤና ጉድለት ሆነ። ሁሉም ሣሩን አየ፤ ገደሉን ያየ አልነበረም።

እርማቱ በተቀናሽ ተጀመረ። በ1985 የ80 በመቶው ክፍያ ወደ 70 ወረደ፤ በ1987 የሥራ ገበያው ሁኔታ ከጉዳት ምዘናው እንዲወጣ ተደረገ። ቁጥሩ ግን መጨመሩን ቀጠለ። በ1991 መንግሥት አበሉን ይበልጥ ለመገደብ ሲነሣ፣ በዘ ሄግ ሩብ ሚሊዮን ገደማ ሰው ለተቃውሞ ወጣ። ዕቅዱ ከተሻሻለ በኋላ በ1993 ሕግ ሆነ፤ በተከታዩ ዓመት ምርጫም የሉበርስ ፓርቲ 20፣ ተጣማሪው የሠራተኛ ፓርቲ 12 መቀመጫ አጡ።

ዘላቂው ለውጥ የመጣው ወጪው ውሳኔውን ወደሚያደርገው ወገን ሲዞር ነው። ከ1996 ጀምሮ አሠሪው የታመመ ሠራተኛውን ደመወዝ ለአንድ ዓመት፣ ከ2004 ጀምሮ ለሁለት ዓመት እንዲከፍል ተደረገ። የ2002ቱ ሕግ አሠሪና ሠራተኛ ወደ ሥራ የመመለሻ ዕቅድ አብረው እንዲያወጡ አስገደደ። በ2006 በወጣው አዲስ ሕግ ደግሞ መነሻው ከ15 ወደ 35 በመቶ ከፍ አለ። አዲስ የሚገቡት ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ነገር ግን ከወጡት መካከል ብዙዎች ወደ ሥራ ሳይሆን ወደ ሥራ አጥነት አበል ተሻገሩ። ከልጅነታቸው ጉዳት ላለባቸው ወጣቶች የተዘጋጀው የተለየ አበል ተቀባዮችም በእነዚያው ዓመታት በፍጥነት በዙ፤ ውሃው ሌላ ቦይ አገኘ።

በዚህ ታሪክ እጅግ የተጎዳው ያው ማዕድን ቆፋሪ ነው። «አትችልም» ተብሎ ወደ ቤት ተላከ። ዓመታት አልፈው፣ ሙያው ተረስቶና ፋብሪካው ፈርሶ ሳለ፣ ያው ሥርዓት «ትችላለህ» አለው። አካሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የድንበሩ ቦታ ነው። የአበል ተጠቃሚዎችን ብዛት የማጭበርበር ማስረጃ አድርጎ ማንበብ የሚሳሳተውም ለዚህ ነው፤ ሰዎቹ የተከፈተላቸውን በር ተጠቀሙ እንጂ በሩን አልሠሩትም።

ለኢትዮጵያ ማኅበራዊ ዋስትና ለምናስብ ሰዎች ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት በ2003 ዓ.ም. ሲዘረጋ የጤና ጉድለት አበልን አካትቷል፤ ሥራ ያጣ ሰው የሚጠብቀው ግን በአንድ ጊዜ የሚከፈል የስንብት ክፍያ እንጂ የሥራ አጥነት መድን አይደለም። ከሁለቱ በሮች የተሠራው አንዱ ብቻ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ሲታነጽ ሁለቱን በአንድ ላይ መንደፍ ይገባል፤ አለዚያ ኢኮኖሚው ያላስተናገደውን ሰው የሕክምና ቦርዱ እንዲያስተናግድ እንፈርድበታለን።