የኪስ ካሜራ እና ፉል ፍሬም ካሜራ

የኪስ ካሜራ (ኮምፓክት) ሌንሱ ከአካሉ የማይነቀል ትንሽ ካሜራ ነው። ፉል ፍሬም የሚባለው ደግሞ የብርሃን መቀበያው (ሴንሰሩ) 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በብዛት ባለሙያዎች የሚይዙት ካሜራ ነው። ይህ ልክ በ1925 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው የጀርመኑ ላይካ ካስለመደው የፊልም መጠን የተወረሰ ነው።

ንጽጽር። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጡት ሶኒ አርኤክስ100 እና ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ልዩነቱን በግልጽ ያሳያሉ። የመጀመሪያው 20፣ ሁለተኛው 22 ሜጋፒክስል ገደማ አላቸው። ሆኖም የሶኒው ሴንሰር 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የካኖኑ ስፋት ከሰባት እጥፍ ይበልጣል። በሻማ ብርሃን የሰው ፊት ሲነሣ በትንሹ ሴንሰር ምስል ጥላው ውስጥ እንደ አሸዋ የተበተኑ ነጠብጣቦች ጎልተው ይወጣሉ፤ በትልቁ ግን ጥላው ጠርቶ ይታያል። ካኖኑ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሌንስ ሲገጠምለትም ከሰውየው ጀርባ ያለውን ሁሉ ያደበዝዛል።

ክብደት። ሶኒው ከነባትሪው 240 ግራም ሲመዝን፣ ካኖኑ ያለ ሌንስ 950 ግራም ይደርሳል። የኪስ ካሜራ ትልቁ ብልጫም ይኸው ቅለቱ ነው፤ ዘመናዊ ስልኮች ገበያውን የተሻሙት ግን በዚሁ በኩል ነው።