ቅባ ኑግ

 የከምባታና የሀዲያ ጓዳ የቅቤ ጓዳ ነው፤ ቆጮው ሲቀርብም ሆነ አታካና የተባለው ምግብ ሲሠራ ቅቤ አይሰሰትም። የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋ ገበታ ግን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን በጾም ከቅቤ ይርቃልና ሌላ ቅባት መሻት ነበረበት። ያገኘው ኑግን ነው። በየቤቱ ማንኛውም ዘይት «ቅባ ኑግ» ሲባል መኖሩ ለዚህ ምስክር ነው።

ኑግ ዘይቱን በዋዛ አይለቅም። ባለሙያዋ መጀመሪያ ትቆላዋለች፤ ከዚያ ወቅጣ፣ ፈጭታና በፈላ ውኃ ለውሳ ታማስለዋለች። ሙቀቱ የፍሬውን ህዋሳት ይሰብራል፣ ውኃው ዘይቱን ከዱቄቱ ላይ ገፍቶ ያንሳፍፈዋል። የተንሳፈፈው ተቀድቶ እንደገና ይፈላል፣ ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ። ቁሌቱ ካነሰ ዘይቱ ዱቄቱ ውስጥ ይቀራል፣ ከበዛ ይጠቁራል፣ ይመራልም። ልኩን የሚያውቀው አፍንጫ ነው። ዛሬ ያለ ሙቀት የተጨመቀ ዘይት በውድ ይሸጣል፤ የአገራችን ሰው የወደደው ሽታ ግን ከምጣዱ የመጣው ነው።

በትግራይ ከተሞች ደግሞ ሌላውን የቅባት ፍሬ፣ ሰሊጥን፣ የሚጨምቀው ግመል ነበር። ዓይኑ ተሸፍኖ በትልቅ የእንጨት ሙቀጫ ዙሪያ ሲዞር፣ ከአግዳሚው ጋር የተያያዘው ዘነዘና ፍሬውን እያሸ ያደቀዋል። ሱዳኖችም ይህንኑ ያውቁታል። አዝጋሚ ነው፣ ግን ብዙ አያሞቅም።

ኋላ ባለ ጠመዝማዛ ብረት መጭመቂያ መጣ፤ ፈጣን ነው፣ በፍትጊያው ግን ራሱ ይግላል። የኑግ ዘይት ከ100 እጅ 70 ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ ስለሆነ ለአየርና ለብርሃን ደካማ ነው፤ ካልተጠነቀቁለት ቶሎ ይበላሻል።

ምርት ለማሳደግ የተነሡት የሆለታ የግብርና ተመራማሪዎች ደግሞ ችግሩ ከመጭመቂያው ቀድሞ ማሳው ላይ ገጠማቸው። ኑግ በገዛ ራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ አይቋጥርም፤ ንብ ከሌላ ተክል ልታመጣለት ይገባል። ንቧ ደግሞ የተመረጠ ዘር ከጎረቤት ማሳ አትለይም! እንዲያም ሆኖ ፎገራ-1፣ ኩዩና ሻምቡ-1 የተባሉ ዝርያዎች ወጥተዋል።

መጭመቂያው አሟጦ ያላወጣው ዘይት በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ፋጉሎውን የምትበላው ላም ናት፤ ወተቷም ተንጦ ቅቤ ይሆናል።