ፊርማው ከደረቀ በኋላ ማን ይቀመጣል? ከጁባ የተማርነው



ከሀገር ቤትም ከካምፕም የምትደውሉልኝ ሁሉ የምታነሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ተስማሙ፣ ተፈራረሙ ሲባል ልባችንን እናሳርፍ ወይስ እንቆይ?» እኔ ነቢይ አይደለሁም። የምኖርባት ጁባ ግን አዲስ አበባ ላይ በተፈረሙ ወረቀቶች ስትነሳና ስትወድቅ የኖረች ከተማ ናት። ስለዚህ ዛሬ ታሪኳን ላውራችሁ። ዘመኖቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እቁብ የጣለ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። እንጣል ብሎ መስማማት ቀላል ነው፤ እቁቡ የሚቆመው ግን ዳኛ፣ ጸሐፊና ዋስ ሲኖረው ነው። በመንግሥታት ውል ውስጥ «የጋራ ኮሚሽን»፣ «የጋራ ኮሚቴ» እየተባለ የሚቋቋመውም ይኸው ነው። ዜናው ፊርማውን ያሳየናል፤ የእኛን ኑሮ የሚወስነው ግን ከፊርማው በኋላ የሚቀመጠው ኮሚቴ ነው።

የመጀመሪያው ውል ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1972 አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። በካርቱም መንግሥትና በደቡብ ታጋዮች መካከል 17 ዓመት የቆየውን ጦርነት ያቆመ ነው። አብያተ ክርስቲያናት አደራድረዋል፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሽምግልና ገብተውበታል። ጁባ የደቡብ ክልል መቀመጫ ሆነች፤ የራሷ ምክር ቤትና የራሷ አስፈጻሚ አካል ተሰጣት። ተኩስ አቁሙን የሚከታተል የጋራ ኮሚሽን ተቋቋመ። የደቡብ ዕዝ 12,000 ወታደር እንዲኖረው፣ ግማሹም የደቡብ ልጆች እንዲሆኑ ተጻፈ፤ ይህን የሚያስፈጽም የጋራ ወታደራዊ ኮሚሽንም ተሰየመ።

ለእኛ ለስደተኞች ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነው። ውሉ ስደተኛውን የሚመልስና የሚያቋቁም አካል ነበረው። ዩኤንኤችሲአር ሥራውን በማስተባበር ገባበት፤ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ስደተኛም ከጎረቤት አገሮች ተመለሰ። የጁባን አሮጌውን የናይል ድልድይ ስንቶቻችን ተሻግረነዋል? ያ ድልድይ የዚያ የመመለስ ሥራ አካል ሆኖ የተሠራ ነው። ስምምነት በትክክል ሲሠራ ብረት ሆኖ ይታያል፣ ሰውና እህል ያሻግራል።

ታዲያ ለምን ፈረሰ? ሕጉ መቆለፊያ ነበረው። ለመለወጥ ከብሔራዊው ምክር ቤት የሦስት አራተኛ ድምፅ፣ ከዚያም በደቡብ ሕዝበ ውሳኔ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ቁልፉን የያዘው ግን ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ብቻቸውን ነበሩ። ደቡቦቹ ራሳቸው «ኮኮራ» በሚሉት የክፍፍል ጉዳይ ተጣልተው ነበር፤ ውሉን ለደቡብ የፈረሙት ጆሴፍ ላጉ ሳይቀሩ ክፍፍሉን ደገፉ። ኒሜሪም ጁን 5 ቀን 1983 በአንድ ትእዛዝ ደቡብን ለሦስት ከፈሉት። ምክር ቤቱን አልጠየቁም፣ ሕዝቡንም አልጠየቁም። «እንዲህ አይሆንም» የሚል ዋስ ከውጭ አልቆመም ነበር። ጦርነቱ ተመልሶ መጣ። ካምፑን ትቶ የተመለሰው ሕዝብ እንደገና ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ፤ ብዙውም ወደ እኛው ጋምቤላ፣ ወደ ኢታንግ ሄደ።

ሁለተኛው ውል ደቡብ ሱዳን አገር ከሆነች በኋላ የመጣ ነው። ሴፕቴምበር 27 ቀን 2012 ሳልቫ ኪርና ኦማር አል በሽር፣ በታቦ ምቤኪ በሚመራው የአፍሪካ ኅብረት ቡድን አደራዳሪነት፣ እዚያው አዲስ አበባ የትብብር ስምምነት ፈረሙ። በሥሩ ነዳጅ፣ ድንበር፣ ፀጥታ፣ ንግድና የዜጎች ጉዳይ እያንዳንዱ የራሱ ውል ነበረው። የጋራ የድንበር ኮሚሽን ተጻፈ። ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ 10 ኪሎ ሜትር ከጦር ነፃ እንዲሆንና የጋራ ታዛቢ ቡድን እንዲጠብቀው ተባለ። የሁለቱ አገር ሰዎች በሌላው አገር የመኖር፣ የመንቀሳቀስ፣ የመሥራትና ንብረት የማፍራት «አራቱ ነፃነቶች» ተሰጧቸው።

አሁን የትኛው እንደሠራ ተመልከቱ። በጃንዋሪ 2012 ቆሞ የነበረው ነዳጅ በ2013 አጋማሽ ሳይደርስ እንደገና ፈሰሰ። ሁለቱም መንግሥታት ገንዘቡን ይፈልጉት ነበርና የነዳጁ ውል ጠባቂ አላጣም። የሰዎቹ ግን እንደዚያ አልሆነም። በ2016 የካርቱም መንግሥት በግዛቱ ያሉ ደቡብ ሱዳናውያን እንደ ውጭ ዜጋ እንዲታዩ ወሰነ። ከትብብር ስምምነቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጁን 2011፣ ስለ አቢዬም ውል ተፈርሞ ነበር። የጋራ የበላይ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ተሰየመ፣ የኢትዮጵያ ወታደሮችም በተመድ ባንዲራ ሥር ገብተው ለዓመታት ጠበቁ። ሕዝቡን ያስተዳድራል የተባለው የጋራ አስተዳደርና የጋራ ፖሊስ ግን ከወረቀት አልወረዱም።

የቅርቡም አለ። በ2015 ተፈርሞ በ2018 የታደሰው የደቡብ ሱዳን የሰላም ስምምነት በርካታ የጋራ አካላትን አቋቁሟል፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለው ኮሚሽን እዚሁ ጁባ ተቀምጦ ሪፖርት ያወጣል። ከአፍሪካ ኅብረት ጋር ይቋቋማል የተባለው የጦር ወንጀል ልዩ ፍርድ ቤት ግን ዛሬም የለም። ሪፖርት የሚጽፍ ኮሚቴ ማቋቋም ይቀላል፤ ባለሥልጣን የሚጠይቅ ዳኛ ማስቀመጥ ግን ከባድ ነው።

ይህ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኖቬምበር 2 ቀን 2022 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው የሀገራችን ውል ስደተኞችና ተፈናቃዮች እንዲመለሱ ይላል፤ የአፍሪካ ኅብረት ተከታታይ ቡድንም ሰይሟል። ነገም ሌላ ውል ሊመጣ ይችላል፣ ይምጣም። ሲመጣ ግን እልል ከማለታችን ጋር አራት ነገር እንጠይቅ። የጋራ ኮሚቴው ውስጥ እነማን ይቀመጣሉ፣ ከስደተኛውስ ሰው አለ ወይ? ወጪውን ማን ይከፍላል? አንዱ ወገን ውሉን ሲጥስ ዳኛው ማነው? ደግሞም አንድ ሰው በአንድ ትእዛዝ ሊያፈርሰው ይችላል ወይ?

የሻይ ዕቃዋን ሸጣ፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት አስወጥታ ወደ ቀዬዋ ልትመለስ የምታስብ እህት ከፊርማው ፎቶ ይልቅ የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ብታይ ይሻላታል። በ1972 የተመለሱት ሰዎች አልተሳሳቱም፤ 11 ዓመት አርሰዋል፣ ድረዋል፣ ልጅ አስተምረዋል። ያጡት ውሉ ሲፈርስ የሚቆምላቸው ዋስ ነው። እኛ ዋሱን አስቀድመን እንጠይቅ።

ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው። ቸር ያሰማን።