በሊኑክስ ድራይቨሮች ውስጥ የአቶሚክ ቢትማፕ ድልደላ
ቢትማፕ በስርዓተ ክወና ከርነል ውስጥ የትኛው ቁጥር ነጻ፣ የትኛው የተያዘ እንደሆነ የሚመዘግብ የቢቶች ሰልፍ ነው። ድራይቨር ለትእዛዝ መለያ ወይም ለመሣሪያ ተራ ቁጥር ሲፈልግ 0 የሆነ ቢት አግኝቶ 1 ያደርገዋል፤ ሲጨርስ ወደ 0 ይመልሰዋል። በባለ 64 ቢት ማሽን 1024 መለያዎች የሚፈጁት 128 ባይት ብቻ ነው።

አደጋው በማግኘትና በመያዝ መካከል ነው። በሊኑክስ «ፋይንድ ፈርስት ዜሮ ቢት» የተባለው ፈንክሽን ያነባል እንጂ አይዝም፤ ሁለት ፕሮሰሰሮች እኩል ቢጠሩት ያንኑ ቁጥር ሊያገኙ ይችላሉ። ከዚያ ሁለቱም በ«ሴት ቢት» ከጻፉ አንድ መለያ ለሁለት ጥያቄ ይታደላል። «ሴት ቢት» አቶሚክ መሆኑ አያድንም፤ ቢቱ ቀድሞ ተይዞ እንደነበር አይናገርምና። «ቴስት ኤንድ ሴት ቢት» ግን ቢቱን 1 ሲያደርግ የቀድሞውን ዋጋ ይመልሳል፦ 0 የደረሰው ቁጥሩን ይወስዳል፣ 1 የደረሰው ፍለጋውን ይደግማል።

ይህን ሉፕ ድራይቨሮች በየራሳቸው መንገድ ይጽፉታል። ከ0 ጀምሮ እያንዳንዱን ቢት በአቶሚክ ትእዛዝ የሚሞክር አለ፤ ውጤቱ ትክክል ቢሆንም የተያዘውን ቢት ሁሉ ለመጻፍ ስለሚሞክር ካሹን ከሌሎች ፕሮሰሰሮች ይነጥቃል። ሌላው ሁሉንም በስፒንሎክ ይከባል፣ በውስጡም አቶሚክ ትእዛዝ ይጠቀማል። ቢትማፑን የሚነካው ሁሉ ያንኑ ሎክ የሚይዝ ከሆነ ይህ ድርብ ወጪ ነው፤ አቶሚክ ያልሆነው የ«ሴት ቢት» ዓይነት ይበቃል።

በ2023 እ.ኤ.አ. ፍለጋውንና ይዞታውን የሚያጣምር «ፋይንድ ኤንድ ሴት ቢት» የተባለ ፈንክሽን ለከርነሉ ቀረበ። ትልቁ ጥቅሙ መስመር መቀነሱ አይመስልም። ተራው ፈላጊ ማንም ሌላ እንደማይጽፍ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ኮምፓይለሩ ያንኑ ዎርድ ሁለቴ እንዲያነብ ነጻ ነው፤ በሁለቱ ንባቦች መካከል ዎርዱ ከሞላ ነጻ ቢት አለ ተብሎ በሌለበት ይፈለጋል። ጥንቃቄው በአንድ ፈንክሽን ውስጥ ከተቀመጠ እያንዳንዱ ድራይቨር ሊያስብበት አይገደድም።

ጥሪው ግን ዝቅተኛውን ነጻ ቁጥር ለማግኘት ዋስትና አይሰጥም፤ ከኋላ ያለ ቢት ፍለጋው ካለፈው በኋላ ሊለቀቅ ይችላል። ማስለቀቁም የራሱ ጣጣ አለው። «ክሊር ቢት» የትውስታ ቅደም ተከተልን ስለማያስጠብቅ፣ መለያው የሚጠብቀው ዳታ ካለ «ክሊር ቢት አንሎክ» ይመረጣል።

ፕሮሰሰሮች በበዙበት የዲስክ ወረፋ ላይ ይህም አይበቃም። የሊኑክስ ብሎክ ክፍል ከ2016 ጀምሮ የሚጠቀምበት «ኤስቢትማፕ» ዎርዶቹን በተለያዩ የካሽ መስመሮች ላይ ይበትናል፤ እያንዳንዱ ፕሮሰሰርም ፍለጋውን ከየራሱ መነሻ ይጀምራል።