የትምህርት ቤት መዝገብና በጦርነት የወደቁ ተማሪዎች

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ያባቶቻችን ተረት በተለይ ለትምህርት ቤት የተነገረ ይመስለናል። ትምህርት ቤት ልጅን በስሙ ጽፎ የሚቀበል፥ በየጧቱም ስሙን የሚጠራ ቤት ነውና። አስተማሪው መዝገቡን ገልጦ ሲጠራ ያለው «አቤት» ይላል፤ የሌለው «ቀሪ» ተብሎ ይጻፍበታል። ዓመቱ ሲፈጸም መዝገቡ ይዘጋና ከሌሎች አሮጌ መዝገቦች ጋራ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይልቁንም በጦርነት ምክንያት ለዘለዓለም የቀሩትን ተማሪዎች ማን ይጽፋቸዋል? በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ በዓል መጽሔት ላይ ለአንባብያን ለማቅረብ ያሰብነው ነገር ይህ ነው።

ሮቢት የምትገኘው ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዐቢይ መንገድ ላይ ነው። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፥ በስተምዕራብ የላስታ ደጋ ይታያል፤ በመካከል ያለው ሜዳ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ሰፊ የራያ ቆላ ነው። ይህ ሜዳ ለገበሬው በረከት እንደ ሆነ ሁሉ፥ ከሰሜን ወደ ደቡብ፥ ከደቡብም ወደ ሰሜን ለሚጓዝ ጦር ምቹ መተላለፊያ ሆኖ ኖሯል። ከመንገድ ርቆ የሚኖር ሰው ጦርነትን በወሬ ይሰማ ይሆናል፤ በመንገድ ዳር የሚኖር ግን በዓይኑ ያየዋል። ስለዚህ እኛ የጦርነትን ታሪክ በክፍል ውስጥ ስንማር፥ ነገሩ በደጃችን ያለፈ መሆኑን መዘንጋት አይገባንም።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከእኛ በስተሰሜን በማይጨው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው የመሩት የኢትዮጵያ ጦር ከጣልያን ጦር ጋራ ገጠመ። ወታደሩ ቀኑን ሙሉ በጀግንነት ቢዋጋም ምሽጉን ሊይዝ አልቻለም። ወደ ኮረም ሲመለስም በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ የጠላት አውሮፕላኖች በቦምብና በመርዝ ጋዝ ብዙ ሕዝብ ፈጁ። ከዚህ ጋራ አንድ መራራ ነገር አለ፤ እኛ የራያ ልጆች ብንሆንም ልንሸሽገው አንፈልግም። ከራያና ከአዘቦ ሰዎች ከፊሉ ከጣልያን ጠመንጃና ገንዘብ ተቀብሎ፥ በሚያፈገፍገው የወገን ጦር ላይ አደጋ ጥሏል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በራያና በአዘቦ የተነሣው ዐመፅ በኃይል ሲመታ በሕዝቡ ልብ ቂም ተርፎ ነበርና፥ ጠላት ይህን ቂም ዐውቆ ተጠቀመበት። ከመጽሐፍ ላይ መራራውን ገጽ ቀዶ ጣፋጩን ብቻ የሚያነብ ሰው ታሪክ ጠበቀ ሊባል አይችልም። ይህን ያስቀደምነው በኋላ ስለ መዝገብ ለምንናገረው ነገር መሠረት ስለሚሆነን ነው።

በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ የነበሩት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ጥቂቶች ነበሩ። ከእነርሱም መካከል በ1900 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ስመ ጥር ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ሲከፈት፥ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ወጣቶች እየተመረጡ ገቡ። ያስተምሯቸው የነበሩት በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኰንኖች ነበሩ። ነገር ግን ትምህርቱ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ትናንት ሒሳብና ፈረንሳይኛ ያጠኑ የነበሩ ልጆች ጓደኞቻቸውን አሰልፈው ወደ ጦርነት እንዲሄዱ ግድ ሆነ።

አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ፥ ከሆለታ ተማሪዎች ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ አቀኑ። በነቀምትም ውጭ አገር ከተማሩ ወጣቶች ጋራ ሆነው የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሠረቱ። የማኅበሩ አለቃ በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ፤ ኮሎኔል በላይ ኃይለ አብ በጦሩ በኩል ይመሩ ነበር። ማኅበሩ 10 አንቀጽ ያለው ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ የጦሩ ሥራ ለፖለቲካው ክፍል እንዲታዘዝ፥ ገበሬው እንዳይበደል፥ ምርኮኛም እንዳይንገላታ ተደንግጎ ነበር። እነዚህ ወጣቶች ስንቅና ጥይት ባነሳቸው ጊዜ እንኳ ሕግ መጻፍን አስቀደሙ፤ ይህም የትምህርት ፍሬ ነው።

ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በነቀምት አጠገብ በቦናያ ያረፉትን የጣልያን አውሮፕላኖች በሌሊት ከበው አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማልዮኮና ጓደኞቹም በዚያ ተገደሉ። በኋላም ከልዑል ራስ እምሩ ጋራ ተባብረው እስከ ጎጀብ ወንዝ ድረስ ተዋጉ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ግን መንገዱ ሁሉ ስለ ተዘጋባቸው እጃቸውን ሰጡ። ከሁለት ወር በኋላ የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ፥ ፋሽስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ሦስት ቀን የፈጸሙት ጭፍጨፋ በዓለም የታወቀ ነው። የተማረ ወጣት ሁሉ እንደ ወንጀለኛ ተቈጠረ፤ እጃቸውን የሰጡት የሆለታ ተማሪዎችም እየተመረጡ ተረሸኑ። ክፍሌ ናስቡ፥ ወንድማማቾቹም ዮሴፍና ቢንያም ወርቅነህ ከሞቱት መካከል ናቸው። የእነዚህ ወንድማማቾች አባት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በዚያን ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ።

አሁን አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንፈልጋለን። የእነዚህን ሰዎች ስም እኛ በሮቢት ተቀምጠን ለመጥራት የቻልነው በምን ምክንያት ነው? ከሞት የተረፉ ሰዎች ስለ ጻፉላቸው ነው። አቶ ታደሰ ሜጫ በ1943 ዓ.ም. ስለ ጥቁር አንበሳ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ከዚያም ወዲህ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የዚያን ትውልድ የሕይወት ታሪክ እየለቀሙ መዝግበዋል። ደግሞም ከሟቾቹ አንዳንዶቹ አባታቸው ስመ ጥር ስለ ነበረ ታወሱ። ስሙ ያልታወቀ የድኻ ልጅ ግን፥ በአንድ ወንበር አብሮ ተምሮ፥ በአንድ ጉድጓድ አብሮ ቢቀበርም፥ «ሌሎችም ብዙዎች» በምትለው ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል። በታወቀውና ባልታወቀው ሟች መካከል ያለው ልዩነት ጀግንነት አይደለም፤ የመጻፍና ያለመጻፍ ልዩነት ነው። የትምህርት ቤት መዝገብ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። በመዝገብ ላይ የባለጠጋም የድኻም ልጅ በፊደል ተራ እኩል ተሰልፎ ይገኛልና።

ይህን ነገር ሌሎች አገሮችም ተረድተውታል። ከ1914 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. በተደረገው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች እጅግ ብዙ የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን አጡ። ከሰላም በኋላ ብዙዎቹ የሟቾቹን ስም በድንጋይ ወይም በናስ ላይ ቀርጸው በግድግዳ ላይ አኖሩ፤ የክብር መዝገብ የሚባል መጽሐፍም አሳተሙ። በእኛም አገር በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጦር ጥሩ ምሳሌ ነው። በኮርያ የወደቁት ኢትዮጵያውያን ከ120 የሚበልጡ ሲሆኑ፥ በአዲስ አበባና ቹንቾን በምትባለው የኮርያ ከተማ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። በስድስት ኪሎ ያለው የሰማዕታት ሐውልትም የየካቲት 12ን ሟቾች ያስታውሰናል። በ1920ዎቹ የተመሠረተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትም በኋላ የካቲት 12 ተብሎ ተሰይሞ ስለ ነበረ፥ ተማሪዎቹ የትምህርት ቤታቸውን ስም በጠሩ ቍጥር ያን ቀን ያነሡት ነበር።

ስለ ሩቁ ይህን ካልን ወደ ራሳችን ዘመን እንመለስ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነት በሐምሌ ወር ወደ እኛ አካባቢ ደረሰ። ቆቦና አካባቢዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ ቆዩ፤ በጳጉሜን 2013 ዓ.ም. በቆቦ ከተማና በዙሪያዋ ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ውጊያው በቆቦ በኩል እንደ ገና ተቀሰቀሰ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ነገር ግን ዓመቱ ሳይሞላ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሣ። በእነዚህ ዓመታት በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ወንበራቸው ተሰብሯል፥ መጽሐፋቸው ተበትኗል፥ ወረቀታቸውም ለማገዶ ሆኗል። የተሰበረ ወንበር በአናጢ እጅ ይጠገናል፤ የተቃጠለን መዝገብ የሚጠግን ባለሙያ ግን የለም። ያን መዝገብ መልሶ ሊጽፍ የሚችለው የሰው ትዝታ ብቻ ነው፤ ትዝታም ከባለቤቱ ጋራ ያረጃል፥ ከባለቤቱም ጋራ ይቀበራል።

እንግዲህ መዝገብ ይዘጋጅ ስንል፥ «ማን ይጻፍበት?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በአንድ ክፍል የተማሩ ልጆች በልዩ ልዩ ሰልፍ ውስጥ ገብተው ይሆናል። አንዱ በመንግሥት ጦር፥ አንዱ በሌላ ወገን ተሰልፎ ይወድቃል፤ ሌላው ምንም መሣሪያ ሳይዝ ማሽላውን ሲጠብቅ ይሞታል። ታሪካቸውን በሰልፋቸው ለይተን የምንጽፍ ከሆነ፥ ዛሬ የጻፍነውን ነገ ሌላው ይፍቀዋል፤ ቂምም ከሟቹ ወደ ታናሽ ወንድሙ ይተላለፋል። በ1928 ዓ.ም. ጠላት የተጠቀመበት ያልተነገረና ያልታከመ ቂም እንደ ነበረ ከላይ አይተናል። ስለዚህ የእኛ አሳብ ይህ ነው፦ የትምህርት ቤት መዝገብ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ይሁን። «ይህ ልጅ በዚህ ቤት ተምሯልን?» መልሱ «አዎን» ከሆነ ስሙ ይጻፍ። የማን ወገን ትክክል እንደ ነበረ የታሪክ ሊቃውንት ይመርምሩ፤ እናት ልጇን በፍርድ ወረቀት እንደማትለየው ሁሉ፥ ትምህርት ቤትም ተማሪውን አይለየው።

ሥራው እንዴት ይጀመር ለሚለን ይህን እናመለክታለን። አንደኛ፥ የተረፉት አሮጌ መዝገቦች፥ የፈተና ውጤቶችና ፎቶግራፎች ከአቧራና ከምስጥ ተጠብቀው በአንድ ሣጥን ይቀመጡ። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ወረቀት በስልክም ቢሆን ፎቶግራፍ ይነሣና ቅጂው ከሮቢት ውጭ በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ ሁሉን እንቍላል በአንድ ቅርጫት ማኖር ምን እንደሚያመጣ ጦርነቱ አስተምሮናልና። ሦስተኛ፥ ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ወደ ሽማግሌዎችና ወደ ቀድሞ አስተማሪዎች እየሄዱ የሚነግሯቸውን በተናጋሪው ቃል ይጻፉ፤ የተነገረበትን ቀንም ያክሉበት። አራተኛ፥ የሟች ቤተሰብ ሳይጠየቅና ሳይፈቅድ ምንም ስም አይለጠፍ። በዚህ ጽሑፍ የአካባቢያችንን ሟቾች በስም ያልጠራነው ለዚህ ነው። አንዳንድ እናት ልጇ ይመለሳል ብላ ገና በር በሩን ታያለች፤ የእርሷን ተስፋ በእኛ ብዕር ለመዝጋት መብት የለንም። አምስተኛ፥ ከስሙ ጋራ የሞቱ ሁኔታ ብቻ ሳይሆን የኖረበት ነገር ይጻፍ፦ ሒሳብ ይወድ እንደ ነበር፥ በኳስ ጨዋታ በረኛ እንደ ነበር፥ ከየትኛው መንደር በእግሩ ይመጣ እንደ ነበር። ሰው በሞተበት ቀን ብቻ ከታወሰ ግማሹ ታሪክ ጠፍቷል።

አንዳንዶች «ሐዘንን መቀስቀስ ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። እኛ ግን በወሎ ምድር ሰው ሲሞት ለቅሶ የሚደረሰው፥ ጎረቤት ተሰብስቦ የሟቹን ስምና ሙያ እየጠራ የሚያለቅሰው፥ ሐዘንን ለማብዛት ሳይሆን ለመካፈል እንደ ሆነ እናውቃለን። መዝገቡም እንደዚሁ የትምህርት ቤት ለቅሶ ነው፤ ልዩነቱ ቀኑ ካለፈ በኋላም ለልጅ ልጅ የሚቆይ መሆኑ ብቻ ነው።

ይህን መጽሔት የምታነቡ የቀድሞ ተማሪዎች ሆይ! በያላችሁበት ከተማም ሆነ በባሕር ማዶ፥ በሣጥናችሁ ውስጥ የክፍል ፎቶግራፍ፥ የምስክር ወረቀት ወይም አሮጌ ደብተር ቢገኝ ቅጂውን ላኩልን፤ በፎቶግራፉ ላይ የቆሙትንም ከግራ ወደ ቀኝ በጀርባው ላይ ጻፉልን። ወላጆችና አስተማሪዎችም የምታስታውሱትን እንድትነግሩን በትሕትና እንለምናለን። ታናናሾቻችን በሚቀጥለው የመታሰቢያ በዓል መጽሔት ሲያዘጋጁ «ሌሎችም ብዙዎች» ብለው ከመጻፍ ይልቅ ስሞቹን በተራ እንዲጽፉ ከዛሬ ጀምረን እናሰናዳላቸው።